መጽሐፉን ሳላነብ «ዘ ዊል ኦፍ ታይም»ን ጨረስኩ፤ አሁን ከየትኛው ቅጽ ልጀምር?

መድረክ፦ ተከታታይ ፊልሞች › ምናባዊ ዓለም
ማሳሰቢያ፦ እስከ ሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ ያለው ታሪክ በግልጽ ይወራል

የታቦር_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። «ዘ ዊል ኦፍ ታይም»ን ሦስቱንም ሲዝን አይተን ጨርሰናል። አይተን ያልኩት ብቻዬን ስላልነበርኩ ነው። የአክስቴ ልጅ ሙሉውን በፍላሽ ይዞልን መጣ፤ እሁድ ከሰዓት እኛ ቤት እየተሰበሰብን፣ መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥኑን ትተን በላፕቶፑ ባትሪ እየቀጠልን አየነው። ከመካከላችን መጽሐፉን ያነበበ ቀርቶ ስሙን የሰማ አልነበረም።

አስቀድሜ የምለምናችሁ፦ ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ የሚሆነውን አትንገሩኝ። እስከዚያ ያለውን እንደልብ አውሩ።

ይህን ክር ያስከፈተኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። መጽሐፎቹን ጠንቅቆ ያውቃል፣ ይወዳቸዋልም። ግን ስለ ፊልሙ ባነሳሁ ቁጥር «መጽሐፉን ካላነበብሽ አላየሽውም» ይለኛል። ብዙ አሰብኩበት፤ አልተቀበልኩትም። ለምን እንዳልተቀበልኩት ልናገርና ፍርዱን ለእናንተ ልተው።

መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ እሱን አልክድም። ስሙ ይበዛል፣ አገሩ ይበዛል፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ የለም። ነገር ግን ልብሱ አስተማረን። አይዝ ሴዳይ የሚባሉት አስማት የሚመስለውን ኃይል የሚጠቀሙ ሴቶች በሰባት ወገን የተከፈሉ ናቸው፤ ለየወገኑ ቀለም አለው። ቢጫዎቹ ይፈውሳሉ፤ ቀዮቹ ኃይሉን የሚነካ ወንድ እያደኑ ይይዛሉ፤ ምክንያቱም ወንድ ሲነካው ውሎ አድሮ ያብዳል። ታናሽ እህቴ ይህን ከገባት በኋላ አንዷ ሴት ገና አፏን ሳትከፍት «ይቺ ቀይ ናት፣ ተጠንቀቁ» ማለት ጀመረች። ይህን ሁሉ ያወቅነው ከዚያው ከፊልሙ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። በአንደኛው ሲዝን አምስተኛው ክፍል ላይ ያለውን ለቅሶ ታስታውሳላችሁ? ከዚያ በፊት ባለው ክፍል ኬሪን የምትባለው አይዝ ሴዳይ ትሞታለች፤ የገደላት ኃይሉን የሚነካው እስረኛ ሎጌን ነው። ጠባቂዋ ስቴፒን ብቻውን ይቀራል። አይዝ ሴዳይና ጠባቂዋ አንዱ የሌላውን ስሜት ይሰማዋል፤ ስለዚህ የእሷ ሞት ለእሱ የገዛ አካሉ ሞት ነው። ጓደኛው ላን ሊያጽናናው፣ ሊጠብቀው ይሞክራል። ስቴፒን ግን በመጨረሻ ራሱን ያጠፋል። ከዚያ በስንብቱ ላይ ላን፣ እስከዚያች ሰዓት ፊቱ ላይ ምንም የማይነበብበት ሰውዬ፣ ደረቱን እየደቃ መጮህ ይጀምራል። ሌሎቹም ደረታቸውን ይመታሉ። ሳሎን ውስጥ የነበርነው ሁሉ ዝም አልን። እናቴ ጩኸቱን ከጓዳ ሰምታ «ምነው? ማን ሞተ?» ብላ ወጣች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷም አብራን ታይ ጀመር፤ እህቴ እየተረጎመችላት።

እኛ ለቅሶ ቤት ደረት ሲመታ እያየን ያደግን ሰዎች ነን። አንድ ሰው ቀድሞ ሲያወጣው የሌላው ሐዘን እንዴት እንደሚፈታ እናውቃለን። ላን ምን እያደረገ እንደሆነ ማንም ሊያስረዳን አላስፈለገም። በማግስቱ ለባልደረባዬ ስነግረው «እሱ እኮ መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ክፍሉን አባከኑት» አለኝ። እሱ ያንን ክፍል ሲያይ የሚያስበው በዚያ ሰዓት መታየት ሲገባቸው የቀሩትን ገጾች ነው። እኔ የማውቀው ገጽ ስለሌለ የተሰጠኝን ያዝኩ፤ የተሰጠኝ ደግሞ አጠገበኝ።

አማዞን እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ተከታታዩን አቋርጧል፤ አራተኛ ሲዝን የለም። እኛ ግን ታሪኩን መጨረስ እንፈልጋለን። ከመጽሐፉ ከየት ልጀምር? ሦስት ሲዝን ያየ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቅጾች ቢዘል ምን ይቀርበታል?

መጽሐፍ_ወዳጅ (አዲስ አበባ)

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ጥያቄሽን ላስቀድም፤ ከአንደኛው ቅጽ ጀምሪ።

ሮበርት ጆርዳን አንደኛውን ቅጽ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። በ2007 ሲያርፍ ታሪኩ ገና አላለቀም ነበር። ባለቤቱ ሃሪየት ማክዱገል የመጽሐፎቹ አርታኢም ነበረች፤ ብራንደን ሳንደርሰንን መርጣ፣ ደራሲው ትቶት በሄደው ጽሑፍና ማስታወሻ ላይ ተመሥርቶ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅጾች እንዲጽፍ አደረገች። የመጨረሻው በ2013 ወጣ። 14 ቅጽ፣ በዚያ ላይ ልጆቹን ከመንደራቸው ይዛ የወጣችውን አይዝ ሴዳይ የሞይሬይንንና የጠባቂዋን የላንን የወጣትነት ዘመን የሚተርክ አንድ ተጨማሪ መጽሐፍ። ሲደመር ከ4 ሚሊዮን ቃላት በላይ ነው። የተቋረጠው ፊልሙ ነው፤ ታሪኩ መጨረሻ አለው፣ መጨረሻውም ታትሞ ገበያ ላይ ይገኛል። በዚህ ልብሽ ይረፍ።

ከአምስተኛው ጀምረሽ እንዳትገቢ የምልሽ፣ ሦስተኛው ሲዝን በአመዛኙ አራተኛውን ቅጽ ቢከተልም በመንገዱ ላይ የተቀየረው ብዙ ስለሆነ ነው። ማን የት እንዳለ፣ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ ማን ከማን ጋር እንደተዋወቀ። አምስተኛውን ከፍተሽ ብትጀምሪ የምታውቂያቸው ሰዎች የማታውቂውን ነገር ሲያወሩ ታገኚያቸዋለሽ።

ስለ ባልደረባሽ ግን ትንሽ ልከራከርለት። እሱን የሚያናድደው የለቅሶው መጨመር ብቻ አይመስለኝም። ዋናው ባለ ታሪክ ራንድ ነው የጎደለው። አንደኛው ቅጽ በአብዛኛው በራንድ ዓይን የሚታይ ነው። የእረኛ ልጅ ነው፤ ከመንደሩ ወጥቶ አያውቅም፤ ፍርሃቱን፣ ለአባቱ ያለውን ስስት፣ በየመንገዱ ለማደሪያ ዋሽንት እየነፋ ሲሄድ የሚሰማውን ሁሉ ከውስጥ ታውቂያለሽ። ፊልሙ ደግሞ «ዳግም የተወለደው ዘንዶ (ዓለምን ያድናል ወይም ያጠፋል የተባለለት ሰው) ከአምስቱ የመንደሩ ልጆች ማነው?» የሚል እንቆቅልሽ ሠራ፤ ኤግዌንንና ናይኒቭን ሳይቀር ከተጠርጣሪዎቹ ጨመረ። እንቆቅልሹ እንዲጸና ራንድ መደበቅ ነበረበት። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሲዝን ራንድን የምናውቀው ከኤግዌን ጋር እንደተኮራረፈ ልጅ ብቻ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ኪሳራ ነው፤ ለአዲስ ተመልካችም ኪሳራ ይመስለኛል።

የታቦር_ልጅ

አመሰግናለሁ ወንድሜ፤ እስከ መጨረሻው ተጽፎ ማለቁን መስማቴ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ስለ እንቆቅልሹ ግን እኛ ቤት የሆነውን ልንገርህ። የአክስቴ ልጅ ናይኒቭ ናት አለ፤ በአራተኛው ክፍል ላን ሊሞት ሲል ኃይሉ ከውስጧ ፈንድቶ ክፍሉን የሞላው ሁሉ ሲፈወስ አይቶ። እህቴ ኤግዌን አለች። ከእሁድ እስከ እሁድ ክርክር ነበር። ከዚያ ሰባተኛው ክፍል የሚከፈተው በዚያች ነፍሰ ጡር ተዋጊ ነው፤ በረዶ ላይ፣ ተራራው ጥግ፣ ምጥ ይዟት ከወታደሮች ጋር ትታገላለች። ማን እንደሆነች አይነግሩንም። የተወለደው ልጅ ራንድ መሆኑ ሲገለጥ ያለፈው ሁሉ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ክፍል ያንን ወፍራም በር በትከሻው የገነጠለው! ያኔ «ጠንካራ ልጅ ነው» ብለን አልፈነው ነበር፤ ለካ ኃይሉ ነው። የአክስቴ ልጅ ተነስቶ ያንን ክፍል እንደገና ከፈተው፤ በሩን ለሁለተኛ ጊዜ አየነው።

መጽሐፉን ያነበበ ሰው ይህን ደስታ ሊያገኘው አይችልም። እናንተ በሩን ስታዩ መልሱን ይዛችሁ ነው። የራንድን ውስጡን አለማወቃችን ኪሳራ ነው ያልከውን ግን እቀበላለሁ፤ እስከ ሦስተኛው ሲዝን ድረስ ለእሱ ብዙም ስሜት አልነበረኝም።

ሐይቅ_ዳር

እኔም የሐዋሳ ነኝ፣ እኔም አላነበብኩም። የምጠይቀው ከአምስቱ አንዱ ስለሆነው ስለ ማት ነው። በስድስተኛው ክፍል መጨረሻ ላይ ሁሉም በዚያ የድንጋይ በር ሲገቡ እሱ ውጭ ቆሞ ያያቸዋል፤ በሩ ይዘጋል። በጣም ነው የነካኝ። ከዚያ በፊት በተረገመው ጩቤ ታሞ ስለነበር «በራሱ ማመን አቃተው፣ ጓደኞቹን ላለመጉዳት ቀረ» ብዬ ተረዳሁት። ከዚያ ግን ሁለተኛው ሲዝን ላይ ፊቱ ሌላ ነው! ምክንያቱን የሚያውቅ አለ?

መጽሐፍ_ወዳጅ (አዲስ አበባ)

ምክንያቱ ከታሪኩ ውጭ ነው። የአንደኛው ሲዝን ቀረጻ በ2020 በኮሮና ምክንያት ተቋርጦ ነበር። እንደገና ሲጀመር ማትን የሚጫወተው ባርኒ ሃሪስ አልተመለሰም። የቀሩት ሁለት ክፍሎች ያለ ማት መጻፍ ነበረባቸው፤ ለዚህ ነው በሩ ላይ የቀረው። ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ ዶናል ፊን ተተካ። በመጽሐፉ ማት አብሯቸው ይገባል።

ሐይቅ_ዳር

አመሰግናለሁ። ግን እኮ ይህን ካወቅሁ በኋላም የተረዳሁት ነገር አልጠፋብኝም። ዶናል ፊን በሁለተኛው ሲዝን «ጓደኞቼን የተውኩ ሰው ነኝ» የሚለውን ጸጸት ይዞ ነው የሚጫወተው፤ የሞቱ ጀግኖችን የሚጠራውን መለከት ሲነፋ እኔን ያስለቀሰኝ ያ በር ነው። ጸሐፊዎቹ የደረሰባቸውን ችግር ተቀብለው የታሪኩ አካል አድርገውታል። ይህ ሊመሰገን ይገባል።

ማለዳ

እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ፤ ያነበብኩትም ከፊልሙ በፊት ነው። የፊልሙ ወዳጅ ነኝ። ግን ከአምስቱ አንዱ በሆነው በብረት ቀጥቃጩ ፔሪን ላይ ዝም ማለት አልችልም።

በመጽሐፉ ፔሪን ሲጀመር ሚስት የለውም። ፊልሙ ሚስት ሰጠው፤ ላይላ፣ እሷም እንደ እሱ ብረት ቀጥቃጭ፤ በዚያው በመጀመሪያው ክፍል ጭራቆቹ መንደሩን ሲወሩ በግርግር በገዛ መጥረቢያው ገደላት። አንዲት ሴት በአንድ ክፍል ገብታ፣ ባሏ የሚያዝንበት ምክንያት እንዲኖረው ብቻ ተገደለች። ማን ነበረች? ምን ትወድ ነበር? አናውቅም። ከዚያ ፔሪን ሁለት ሲዝን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ዞረ። በመጽሐፉ ያለው ፔሪን ዝምተኛ የሆነው ትልቅ አካል ስላለው ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰው እንዳይጎዳ ቀስ ብሎ ማሰብ ለመደ። ይህ የራሱ ጠባይ ነው፤ ሬሳ አያስፈልገውም ነበር።

የታቦር_ልጅ

ማለዳ፣ ስለ ላይላ ያልሽው ልክ ነው፤ እኛም «ይህቺ ሴትዮ ምን ነበረች?» ብለን ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፔሪን ቀስ ብሎ የሚያስብ መሆኑን መጽሐፉ ሐሳቡን በመጻፍ ይነግርሻል። ፊልም ግን ሐሳብ አይጽፍም። እኔ ያየሁት መጥረቢያ ሲያነሳ እጁ የሚቆም ሰው ነው። ለምን እንደሚቆም ስለማውቅ በሦስተኛው ሲዝን መንደሩን ለማዳን መጥረቢያውን ሲይዝ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ላይላ ባትኖር ይህን በምን ያሳዩኝ ነበር?

ማለዳ

በላይላ ፋንታ ብረት ቤት አብሮት የሚሠራ ሰው ማቁሰል ይበቃ ነበር። ደግሞ እጁ ላይ መዶሻና መጥረቢያ አለ፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ይገድላል። ሁለቱን እያፈራረቁ ቢያሳዩሽ ያለ አንድ ቃል ይገባሽ ነበር። መጽሐፉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፊልም ውስጥን ማሳየት ይችላል፤ ቅድም ስለ ላን ለቅሶ የጻፍሽውን ተመልከቺ፣ እሱ እኮ ማስረጃው ነው። ሰነፍ መንገድ መረጡ ነው የምለው።

የታቦር_ልጅ

ይህን አላሰብኩትም ነበር። መዶሻውንና መጥረቢያውን ሳነብ እከታተለዋለሁ።

ነጎድጓድ

[ይህ መልእክት ከሦስተኛው ሲዝን በኋላ ያለውን ታሪክ ስለሚገልጥ በአወያዩ ተነስቷል]

አወያይ

የክሩ ባለቤት ገና በመጀመሪያው ጽሑፏ የለመነችው አንድ ነገር ነው። በሦስተኛው ሲዝን መጨረሻ የሞተችውን ሰው በተመለከተ መጽሐፉ ምን እንደሚል የሚገልጽ ጽሑፍ አይለጠፍ። አንድ ሰው ገና ሊያነበው የተዘጋጀውን 14 ቅጽ በአንድ መስመር መንጠቅ ተገቢ አይደለም። ቀጥሉ።

ጡረተኛው_መምህር

የኔ ልጆች፣ እኔ ይህን ፊልም አላየሁም፤ የልጅ ልጄ ክሩን አሳይታኝ ነው የገባሁት። ነገር ግን የምትነጋገሩበትን ነገር አውቀዋለሁ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የማንበብ ዕድል ያላገኘ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ያገኘሁት በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው። ጎረቤት ሬዲዮ ካለው ቤት ይሰበሰባል፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ሰው ሁሉ ቀጥ ይላል። በዛብህን፣ ሰብለወንጌልን፣ ፊታውራሪ መሸሻን ቀድሜ ያወቅኋቸው በጆሮዬ ነው። አንድ ሰው ያኔ መጥቶ «መጽሐፉን ካላነበብክ ታሪኩን አታውቀውም» ቢለኝ አዝንበት ነበር።

በኋላ መምህር ሆኜ መጽሐፉን አነበብኩት። ትረካው ያላበላሸብኝ ብዙ ነገር አገኘሁ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ስለ ባላገሩ ኑሮ፣ ስለ ግብሩ፣ ስለ መሳፍንቱ ጠባይ ረጋ ብለው የሚያትቱበት ቦታ በንባብ ሌላ ጣዕም አለው፤ ሲያሻህ ቆም ትላለህ፣ ትመለሳለህ። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጉዱ ካሣ እስከ ዛሬ በራሴ ድምፅ ተናግሮልኝ አያውቅም። የሚናገረው በወጋየሁ ድምፅ ነው። ይህን እንደ ስጦታም እንደ ዕዳም አየዋለሁ። መጀመሪያ ያነበቡት ጓደኞቼ የየራሳቸው ጉዱ ካሣ አላቸው፤ እኔ የለኝም።

ስለዚህ ልጄ፣ መጽሐፉን ስትጀምሪ የተዋንያኑ ፊት ይከተልሻል። አታባርሪው። ደራሲው ሌላ መልክ በሰጠበት ቦታ ግን ቆም ብለሽ የእሱን አንብቢ።

የታቦር_ልጅ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደግመው ደጋግመው ይጻፉልን። እናቴም ጽሑፍዎን ሳነብላት የወጋየሁን ትረካ እንደሰማችው ነገረችኝ፤ አሁን ሰብለወንጌል እንዴት ትናገር እንደነበር እያስመሰለች ነው።

መጽሐፍ_ወዳጅ (አዲስ አበባ)

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት አንድ ነገር አስታወሰኝ። ሞይሬይንን የምትጫወተው ሮዛመንድ ፓይክ አንደኛውን ቅጽ በድምፅ ተርካዋለች። 14ቱንም ከዚያ በፊት የተረኩት ማይክል ክሬመርና ኬት ሪዲንግ ናቸው። ስለዚህ ከፊልሙ ወደ መጽሐፉ የሚሄድ ሰው የሚያውቀው ድምፅ እጁን ይዞ ያስገባዋል። እንግሊዝኛው ለሚከብደው እየሰሙ ማንበብ በጣም ያግዛል።

የመናኸሪያው

ሦስተኛው ሲዝን አራተኛ ክፍል ካልተነሳ ይህ ክር አይሞላም። ራንድ በረሃው መካከል ወዳለችው ሩዊዲያን የገባበት። እኔም ያላነበብኩ ነኝ፤ ያንን ክፍል ካየሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዪል የሚባሉት የበረሃ ሰዎች አስፈሪ ተዋጊዎች ናቸው፤ ሰው ሊገድሉ ሲሉ ፊታቸውን ይሸፍናሉ። ራንድ በትውልዱ የእነሱ ወገን ነው። ራንድ በመስታወት ዓምዶች መካከል ሲራመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ወደ አንድ አያቱ ሕይወት ይገባል። ወደፊት በተራመደ ቁጥር ዘመኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁሉንም አያቶች የሚጫወተው ያው ጆሻ ስትራዶውስኪ ነው፤ ጺሙ፣ ልብሱ፣ አነጋገሩ እየተለወጠ። እና አንድ ወጣት ይመጣል፤ የታፈኑ ዘመዶቹን ሊያስመልስ ብሎ ሰው ይገድላል። ሕዝቡ ግን ጨርሶ ላለመግደል የማለ ሕዝብ ነው። ቤተሰቡ ይክደዋል፤ ፊቱን እንዲሸፍን ይነገረዋል። ሽፋኑ የመጣው ከዚያ ነው! እስከዚያች ደቂቃ የጀግንነት ምልክት የመሰለን ነገር የኀፍረት ነው። ታሪኩ ወደፊት ቢነገር ይህን ያህል አይመታም ነበር፤ መልሱን ቀድመን አይተን ጥያቄው በኋላ ነው የመጣው።

የታቦር_ልጅ

ይህን ስላነሳህልኝ! እኛ ቤት ያንን ክፍል የፈታችው እናቴ ናት። እኛ «አሁን ደግሞ ይሄ ማነው? ጺሙ ለምን ተቀየረ?» እያልን ግራ ስንጋባ እሷ «ልጁ ዘሩን እየቆጠረ ነው» አለች። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር እያየች ያደገች ሰው ናት፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ ወደ ኋላ መሄድ ለእሷ አዲስ ነገር አይደለም። «ቆጥሮ ሲደርስ የማይወደውን ያገኛል፤ ሽማግሌ አንዳንዱን ስም ዘሎ የሚቆጥረው ለዚህ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ግልጽ ሆነልን። የአዪል አለቆች ያንን ስም ዘለው ነው ለሕዝባቸው የቆጠሩት፤ ምሥጢሩን የሚያውቁት ገብተው የወጡት ብቻ ናቸው።

ራንድን የወደድኩት ያኔ ነው። ሁለቱም ክንዱ ላይ የዘንዶ ምልክት ይዞ ሲወጣ ስለ ምልክቱ አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ይህን ሁሉ አውቆ ለእነዚህ ሰዎች ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ነው።

ማለዳ

ስለዚህ ክፍል አንባቢና አዲስ ተመልካች አይጣሉም። ያነበብን ሰዎች ለዓመታት «ይህ በፊልም አይሠራም» ስንል የነበረ ምዕራፍ ነው።

እኔ ከዚህ ጋር የማስቀምጠው የሁለተኛው ሲዝን ስድስተኛ ክፍልን ነው። ኤግዌን ሾንቻን በሚባሉት ከባሕር ማዶ የመጡ ወራሪዎች ተይዛ አንገቷ ላይ ማሰሪያ ገብቶባታል። አሠልጣኟ ሬና የምትጠይቃት ትንሽ ነገር ነው፤ ከጆጉ ውኃ ቅጂልኝ። ነገር ግን ማሰሪያው እንደ መሣሪያ ያሰበችውን ዕቃ እንድትነካ አይፈቅድላትም። ኤግዌን ጆጉን ባየች ቁጥር የሬናን ጭንቅላት ልትመታበት ስለምታስብ እጇ ይቀራል። የእሷ ትዕይንት በአንድ ጆግና በአንድ ብርጭቆ ነው የሚጫወተው። ልትቀዳ የምትችለው ሐሳቧ ሲሰበር ብቻ ነው። ማደሊን ማደን እጇን ዘርግታ ጣቶቿ ጆጉ ጋ ሳይደርሱ ሲንቀጠቀጡ ያንን አይቶ የሚረሳ ሰው የለም። በመጽሐፉ ስለ ባርነቷ አንብቤ አዝኛለሁ፤ ፊልሙ ላይ ግን ጨንቆኝ ተነስቼ ቆሜ ነው ያየሁት። የታቦር ልጅ፣ ለባልደረባሽ ይህን ክፍል አንሺለት።

የታቦር_ልጅ

አንስቼለታለሁ። «እሱ ላይ እስማማለሁ» አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ አንደኛውን ቅጽ ሊያውሰኝ ቃል ገባ። ስጀምር እንዴት ላንብበው? እንግሊዝኛ ልብ ወለድ ብዙ አላነበብኩም፣ ዘገምተኛ ነኝ።

መጽሐፍ_ወዳጅ (አዲስ አበባ)

መግቢያውን አትዝለይ። አጭር ነው፤ አንድ ያበደ ሰው በፈረሰ ቤተ መንግሥት ውስጥ የገደላቸውን ቤተሰቦቹን እየጠራ ይዞራል። ሰውዬው ያለፈው ዘመን ዘንዶ ነው። አንደኛው ሲዝን ስምንተኛ ክፍል ሲከፈት ሕፃን ይዞ ከሴትዮዋ ጋር ሲከራከር ያየሽው እሱ ነው። ወንድ ኃይሉን ሲነካ ያብዳል የሚለው ነገር ምን ማለት እንደሆነ በእነዚያ ጥቂት ገጾች ይገባሻል።

ከዚያ በኋላ ያለው መንደሩ ነው፤ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ፊልሙ በአንድ ክፍል የጨረሰውን መጽሐፉ ምዕራፍ በምዕራፍ ይወስደዋል። እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሰለቻል፤ አንቺ ግን ሰዎቹን ስለምታውቂያቸው አትሰለቺም ብዬ አስባለሁ። ይህ ከፊልሙ የመጣ ሰው ያለው ብልጫ ነው። መጽሐፉ ጀርባ ላይ የስሞች መፍቻ አለ፤ ሲጠፋብሽ ግለጪው። የአንደኛውን ቅጽ ብቻ፤ የኋለኞቹ ቅጾች መፍቻ ያላነበብሽውን ሊነግርሽ ይችላል።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እኔ አለኝ። አንደኛውን ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ወደ ሐዋሳ በሚመጣ ሰው እልክልሻለሁ።

ሐይቅ_ዳር

እኔም ከእናንተ ጋር ልጀምር። አንድ ቅጂ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ በየምዕራፉ እንቀያየር።

የታቦር_ልጅ

ይበቃል። ደግሞ ሦስት ነን፤ የመናኸሪያውም ጽፎልኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ እንገናኝ። ባልደረባዬም ይመጣል፤ መግቢያውን እሱ ጮክ ብሎ እንዲያነብልን ጠይቄዋለሁ። ላን ጋ የምንደርሰው መቼ እንደሆነም እዚያው ይነግረናል። ስለ ፔሪን የሚከራከር ሰው ካለ፣ ማለዳ የጻፈችውን መዶሻና መጥረቢያ አስቀድሞ አንብቦ ይምጣ።